በጦር ሠፈርና በመሣሪያ ፋብሪካ ሥር ያለው አፈርና ውሃ ይመርመር

ለአዲስ ዘመን ጋዜጣ አዘጋጅ፤
አዲስ አበባ።

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

ለአንባቢያን በተመደበው ዓምድ ላይ ስለ መንገድ፥ ስለ መብራትና ስለ ቧንቧ ውሃ መቆራረጥ ብዙ ተጽፎ አንብቤአለሁ። እኔ ዛሬ የማቀርበው አሳብ ዓይን ስለማያየው፥ አፍንጫም ብዙ ጊዜ ስለማያሸተው ነገር ነው፤ ይኸውም የጦር መሣሪያ በሚሠራበት፥ በሚጠገንበትና በሚከማችበት ሥፍራ ከመሬት ሥር ስለሚቀረው መርዝና መርዙ ስለሚጠራበት መንገድ ነው። ነገሩ የወታደር ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል፤ ዳሩ ግን ውሃ የግቢ አጥር አያውቅምና የሁላችንም ጉዳይ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ተቀምጠው መሬት የሚመሩ፥ ፈቃድ የሚሰጡና ውል የሚያጸድቁ ሰዎች ይህን ጋዜጣ ስለሚያነቡ፥ ጽሑፌን በትዕግሥት እንዲመለከቱልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

የምኖረው በብስራተ ገብርኤል ነው። ሠፈራችን ከቀድሞው የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ በመሆኑ አካባቢው እስከ ዛሬ ኦልድ ኤርፖርት እየተባለ ይጠራል። ቦሌ ከመከፈቱ በፊት የዋና ከተማው አውሮፕላን ማረፊያ ያ ነበር፤ ከዚያም በኋላ ለጦሩ አገልግሎት ውሎአል። ከእኛ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ደግሞ ንፋስ ስልክ አለ። ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. ማለዳ፥ የደርግ መንግሥት በወደቀ በሳምንቱ፥ በዚያ የነበረው የጥይት ግምጃ ቤት ፈንድቶ ብዙ ሰው ሞተ፥ ብዙ ቤትም ፈረሰ። ዜናውን ለዓለም ለማድረስ የሄደው ኬንያዊው የፊልም ጋዜጠኛ መሐመድ አሚን አንድ እጁን ያጣው፥ የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይም ሕይወቱን ያጣው በዚያ ፍንዳታ ነው።

ያን ቀን ያዩ ሁሉ ስለ እሳቱና ስለ ድምፁ ይናገራሉ። እሳቱ ጠፍቷል፤ ድምፁም ዝም ብሏል። ነገር ግን ጥይትና ቦምብ ሲፈነዳ ያልተቃጠለ ባሩድና ፈንጂ፥ እርሳስ፥ መዳብና አንቲሞኒ በአፈሩ ላይ ይበተናል፤ ዝናብ በዘነበ ቁጥርም ከፊሉ በጎርፍ ወደ ወንዝ ይወሰዳል፥ ከፊሉ ወደ ታች ይሰርጋል። እንግዲህ ያ መሬት ተመርምሮ እንደ ሆነ ውጤቱ ለነዋሪው ይነገረው፤ ካልተመረመረም ይመርመር። ከሠላሳ ዓመት በላይ ማለፉ ለመርሳት ምክንያት ሊሆን አይገባም፤ እርሳስ በሠላሳ ዓመት አይበሰብስምና።

የጦር መሣሪያ ሥራ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ ዓ.ም. በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት መድፍ ሲያስቀልጡ የነበረውን እናውቃለን። በዘመናችንም በቢሾፍቱ የተቋቋመው የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ያንኑ የጋፋትን ስም ይዟል፤ በአምቦ አቅራቢያ ሆሚቾ የጥይት ፋብሪካ፥ በቢሾፍቱም ደጀን አቪዬሽን ተቋቁመዋል። በ2002 ዓ.ም. የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ሲመሠረት እነዚህን ሁሉ ጠቅልሎ ይዞ ነበር። እዚህ ላይ አሳቤ በስሕተት እንዳይተረጎም እፈልጋለሁ፤ ከእነዚህ አንዱንም በድለሃል ብዬ አልከስም። አገር ያለ መከላከያ፥ መከላከያም ያለ ፋብሪካ እንደማይኖር አውቃለሁ። የምለው ይህን ነው፤ እንዲህ ያለ ሥራ በዓለም ላይ በተሠራበት ሥፍራ ሁሉ አፈርና ውሃ ሳይመረመር መታለፉ በኋላ ብዙ ዋጋ አስከፍሏል።

ደግሞስ ወታደራዊ መርዝ በውሃና በሣር ላይ ሲወድቅ ምን እንደሚያደርግ ከኢትዮጵያዊ ይልቅ ማን ሊመሰክር ይችላል? በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ አውሮፕላኖች በሰሜን ጦር ግምባር የመርዝ ጋዝ ሲያዘንቡ፥ መርዙ የወረደው በወታደሩ ላይ ብቻ አልነበረም፤ በወንዙ፥ በሐይቁና በግጦሹም ላይ ነበር። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ያመለከቱት ይህንኑ ነው። ውሃን መመረዝ ግፍ መሆኑን ለዓለም የነገረች አገር፥ ሳታስበው የገዛ ውሃዋን እንዳትበክል መጠንቀቅ ይገባታል።

አሁን ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ባጭሩ ላስረዳ። መሣሪያ ወይም ሞተር ተፈትቶ ሲጠገን ቅባቱ የሚታጠብበት ፈሳሽ ያስፈልጋል። ለዚህ ሥራ በዓለም ላይ ለብዙ ዘመን ያገለገለው ትራይክሎሮኤትሊን የሚባለው ኬሚካል ነው። ቀለም የለውም፤ ቅባትን ፈጥኖ ያለቅቃል፥ ራሱም ፈጥኖ ይተናል። ሠራተኛው የተረፈውን ከጓሮ ሲደፋ መሬቱ ወዲያው ስለሚደርቅ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ከፊሉ ግን ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ከውሃ የከበደ በመሆኑም የከርሰ ምድሩን ውሃ ሲያገኝ እንደ ዘይት አይንሳፈፍም፤ ዘቅጦ ከዐለቱ ስንጥቅ ይገባና ከዚያ ሆኖ ጥቂት በጥቂት እየሟሟ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ውሃውን ይመርዛል። የኩላሊት ካንሰር እንደሚያመጣ በሳይንስ ተረጋግጧል። በአሜሪካ ሕግ በ1 ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ ከ5 ማይክሮግራም በላይ እንዲገኝ አይፈቀድም። በዚህ ስሌት 1 ግራም ብቻ 200 ሺህ ሊትር ውሃ፥ ማለት እያንዳንዱ 10 ሺህ ሊትር የሚይዝ 20 ቦቴ ውሃ፥ እስከዚያው ወሰን ድረስ ያደርሳል። ከዚህም ሌላ ከፈንጂ ፋብሪካ እጣቢ ጋር የሚወጣ ቲ.ኤን.ቲ.፥ ከተኩስ መለማመጃ አፈር ውስጥ የሚቀር እርሳስ፥ በአውሮፕላን ማረፊያ ለእሳት ማጥፊያ የሚረጨው አረፋ፥ ከነዳጅ ጋን የሚንጠባጠብ ቤንዚን አለ። ሁሉም መንገዳቸው ወደ ታች ነው።

ይህን ለተማሪዎቼ ሳስረዳ ከታች ቀዳዳ ያለው የመስተዋት ዕቃ በአሸዋ እሞላና ከላይ አንድ ጠብታ ቀለም አድርጌ ውሃ አፈስስበታለሁ። ቀለሙ ከላይ ይጠፋል፤ ልጆቹም ጠራ ይላሉ። ጥቂት ቆይቶ ቀለሙ ከታች ይወጣል። ከዚያ በኋላ ንጹሕ ውሃ እስኪወርድ ድረስ ስንት ብርጭቆ መፍሰስ እንዳለበት ሲቆጥሩ ይገረማሉ። ጠብታውን ለመጨመር አንድ ሰከንድ አይፈጅም፤ ለማውጣት ግን አንድ የትምህርት ክፍለ ጊዜ አይበቃም። የከርሰ ምድር ውሃ ነገር በሙሉ በዚህ ምሳሌ ውስጥ አለ።

በውጭ አገር የሆነውን እንመልከት። በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይና ካምፕ ለጁን የሚባል የባሕር ኃይል እግረኛ ጦር ሠፈር አለ። እ.ኤ.አ. ከ1953 እስከ 1987 በዚያ ይኖሩ የነበሩ ወታደሮች፥ ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው የጠጡት የጉድጓድ ውሃ በቅባት ማጠቢያ ኬሚካልና በቤንዚን የተበከለ ነበር። ከሠፈሩ ጉድጓዶች አንዱን ክፍል የበከለው ከአጥሩ ውጭ የነበረ አንድ የልብስ ንጽሕና መስጫ ቤት መሆኑ በምርመራ ተገኝቷል። ከዚህ ሁለት ትምህርት እንወስዳለን፤ አንደኛው ብክለት በአጥር እንደማይገታ ነው፤ ሁለተኛው መጀመሪያ የሚጎዳው ራሱ ወታደሩና ቤተ ሰቡ መሆኑ ነው። የውሃው መበከል ምልክት በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በላቦራቶሪ ታይቶ ሳለ ዋና ዋናዎቹ ጉድጓዶች የተዘጉት በ1984ና በ1985 ነው። ለታመሙት ሕክምና የሚሰጥ ሕግ የወጣው በ2012፥ በፍርድ ቤት ካሣ ለመጠየቅ የሚያስችለው ደግሞ በ2022 ነው። እንግዲህ ስንቱ ሰው ሕጉን ሳያይ እንዳለፈ አንባቢ ያስብ።

ሁለተኛው ምሳሌ በዴንቨር ከተማ አጠገብ በ1942 እ.ኤ.አ. የተሠራው ሮኪ ማውንቴን አርሰናል ነው። በዚያ የኬሚካል መሣሪያ ተሠርቷል፤ በኋላም የተባይ ማጥፊያ መድኃኒት የሚሠሩ ኩባንያዎች ተከራይተውታል። ፍሳሹን ታችኛው ወለል ባልተለበጠ ኩሬ ያጠራቅሙት ስለ ነበር በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የጎረቤት ገበሬዎች በጉድጓድ ውሃ ያጠጡት አዝመራ ደረቀባቸው። ከዚያ በ1961 ከ3,600 ሜትር የሚበልጥ ጉድጓድ ቆፍረው ፍሳሹን ወደ ምድር ሆድ ቢገፉት አካባቢው በመሬት መንቀጥቀጥ ይናወጥ ጀመር፤ በ1966 ሥራውን አቆሙ። መርዝን ከዓይን መሰወር ማስወገድ አለመሆኑን ምድር ራስዋ መሰከረች። በመጨረሻ ሥፍራውን ለማጽዳት ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጣ፤ ሥራውም በ2010 ተጠናቀቀ። ዛሬ ያ መሬት የዱር አራዊት መጠበቂያ ሆኖአል። ይህም ማጽዳት የሚቻል መሆኑን፥ ነገር ግን ዘግይቶ ማጽዳት ምን ያህል እንደሚያስወጣ ያሳያል።

ወደ ከተማችን እንመለስ። የአዲስ አበባ መሬት ከእንጦጦ ወደ ደቡብ ያዘቀዝቃል፤ የከርሰ ምድሩም ውሃ በጠቅላላው ወደዚያው ይጓዛል። በስተ ደቡብ የአቃቂ የውሃ ጉድጓዶች አሉ፤ ከለገዳዲ፥ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች ጋር ሆነው ከተማውን የሚያጠጡ ናቸው። ስለዚህ ብስራተ ገብርኤል፥ መካኒሳ፥ ላፍቶና ንፋስ ስልክ ከእነዚህ ጉድጓዶች ራስጌ ናቸው ማለት ነው። ጥቁሩ አፈራችን እርጥብ ሲሆን ውሃ እንደማያሳልፍ ቢታወቅም በበጋ ሲሰነጠቅ ክንድ ያስገባል፤ ከሥሩ ያለው የእሳተ ገሞራ ዐለትም ስንጥቅ የበዛበት ነው። በመካኒሳና በላፍቶ በኩል በሚወርደው በትንሹ አቃቂ ወንዝ ዳር የሚበቅለው ጎመን፥ ሰላጣና ቆስጣ ከባድ ብረቶች እንደሚገኙበት ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ለወንዙ መበከል ቆዳ ፋብሪካም፥ ጋራዥም፥ የየቤታችን ፍሳሽም ድርሻ አላቸው፤ ሁሉንም በወታደር ላይ መደፍደፍ ፍርደ ገምድልነት ነው። ሆኖም ወንዙን ዓይናችን ስለሚያየው፥ ሽታውም ስለሚያስነሣን እንጮህለታለን። ከመሬት በታች ላለው ግን የሚጮህ የለም።

ነገሩን አስቸኳይ የሚያደርገው ከተማችን በፍጥነት መታደስዋ ነው። የቀድሞ ካምፕ፥ ዴፖ፥ የነዳጅ ማከማቻና ጋራዥ የነበረ ቦታ ለመኖሪያ ሕንፃ፥ ለትምህርት ቤት ወይም ለመናፈሻ ይሰጣል። ልማቱ የሚያስደስት ነው። ነገር ግን ቦታው ሲተላለፍ የካርታው ስፋት፥ የሊዙ ዋጋና የሕንፃው ከፍታ ተጽፎ ሳለ ከአፈሩ ሥር ምን እንዳለ የሚናገር አንድ ገጽ ወረቀት ከመዝገቡ ጋር ሲያያዝ አላየሁም። በዚያው ላይ የቧንቧ ውሃ በተራ የሚመጣ በመሆኑ ብዙ ድርጅቶችና ሆቴሎች በግቢያቸው ጉድጓድ ያስቆፍራሉ። አፈሩ ያልተመረመረ ቦታና ያልተመዘገበ ታሪክ ያለው ጉድጓድ ሲገናኙ ጉዳቱ በሕፃናት ላይ ይወድቃል፤ እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ እንደሚጎዳ ሐኪም ሁሉ ያውቃልና።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕጉ አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደንግጓል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም በካይ የሆነ ሁሉ የበከለውን እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያዛል፤ ከዚህም በላይ ማንም ሰው ጉዳቱ በራሱ ላይ መድረሱን ማስረዳት ሳያስፈልገው አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ስለ አደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090 ወጥቷል። ሕግ በነጋሪት ጋዜጣ ላይ ብቻ ሲኖር ግን በመደርደሪያ ላይ እንደ ተቀመጠ መድኃኒት ነው፤ ካልዋጡት አያድንም።

ይህን አሳብ ስናነሣ የሚሰጡን መልሶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ምስጢር ነው የሚል ነው። የመሣሪያው ዓይነትና ብዛት ምስጢር መሆኑን አልቃወምም። ነገር ግን በአንድ ጉድጓድ ውሃ ውስጥ ስንት ማይክሮግራም እርሳስ እንዳለ ማወቅ ለጠላት ምን ይጠቅመዋል? ለሚጠጣው ሰው ግን ሕይወቱ ነው። ከዓለም ታላላቅ ጦሮች አንዱን የምትይዘው አሜሪካ እንኳ በ1992 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ የመከላከያ ግቢዎችዋን ጨምሮ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በአደገኛ ቆሻሻ ሕግ እንዲጠየቁና መቀጮ እንዲከፍሉ አድርጋለች፤ ይህን በማድረግዋ ጦርዋ አልደከመም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንዲሉ፥ መደበቁ የሚጎዳው የደበቀውን ነው።

ሁለተኛው ገንዘብ የለንም የሚል ነው። ማጽዳት ሁሉ በቢሊዮን ዶላር አይደለም። በአሜሪካ በኦሪገን ክፍለ አገር በኡማቲላ የጦር ዴፖ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በፈንጂ እጣቢ የተመረዘውን በብዙ ሺህ ቶን የሚቆጠር አፈር ያጸዱት ከከብት ፍግ፥ ከሰጋቱራና ከድንች ትራፊ ጋር ቀላቅለው እንዲብላላ በማድረግ ነው። በፍጉ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ሕይወት ያላቸው ነገሮች ፈንጂውን በሉት፤ አፈሩም ተመልሶ ለምድሪቱ ዋለ። ፍግና ሰጋቱራ ደግሞ በአገራችን አይታጣም። ለውሃም ቢሆን በከሰል ማጣራት፥ ውሃው በሚያልፍበት ቦይ ውስጥ የብረት ፍቅፋቂ ሞልቶ ኬሚካሉ እንዲፈርስ ማድረግና ሌሎችም የታወቁ ዘዴዎች አሉ። በራሳችንም አገር ትልቅ ምሳሌ አለን፤ በየመጋዘኑ ተከማችቶ የነበረው ጊዜው ያለፈበት የተባይ ማጥፊያ መድኃኒት በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ትብብር ተሰብስቦ፥ ተቆጥሮና ታሽጎ ከ1 ሺህ ቶን በላይ ወደ ፊንላንድ ተልኮ ተቃጥሏል። የግብርና ሚኒስቴር ያን ማድረግ ከቻለ ሌሎችም መሥሪያ ቤቶች ይችላሉ።

ሦስተኛው ከዚህ የበለጠ ችግር አለብን የሚል ነው። እርግጥ ነው፤ ችግራችን ብዙ ነው። ነገር ግን ምርመራ ከማጽዳት፥ ማጽዳት ከማሳከም፥ ማሳከምም ከመቅበር ይቀላል። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉ አባቶቻችን ይህን ስሌት ያውቁት ነበር።

ስለዚህ የሚከተለውን አሳብ ለሚመለከታቸው ሁሉ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ የኢትዮጵያ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንና የመከላከያ ሚኒስቴር በጋራ ሆነው መሣሪያ የተሠራባቸው፥ የተጠገነባቸው፥ የተከማቸባቸውና የፈነዳባቸው ቦታዎች የሚጻፉበት መዝገብ ይክፈቱ። መዝገቡ ዛሬ ሥራ ላይ ያሉትን ብቻ ሳይሆን የተዘጉትንም ይያዝ። ቀድሞ በዚያ የሠሩ ጡረተኞች ፍሳሹ የት ይደፋ እንደ ነበር ያውቃሉና ሳያልፉ ይጠየቁ።

ሁለተኛ፤ ማናቸውም የካምፕ፥ የዴፖ፥ የነዳጅ ማከማቻ ወይም የጋራዥ ቦታ ለሌላ አገልግሎት ከመተላለፉ በፊት አፈሩና የከርሰ ምድር ውሃው ይመርመር፤ ውጤቱም ከካርታው ጋር ይያያዝ። መሬት የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ያለዚህ ወረቀት ውል አይፈርም።

ሦስተኛ፤ የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ከአቃቂ ጉድጓዶች ራስጌ የመመርመሪያ ጉድጓዶችን ያስቆፍር፤ በየጊዜው ሲመረምርም ጀርምና ጨው ብቻ ሳይሆን ቅባት ማጠቢያ ኬሚካል፥ ነዳጅ፥ እርሳስና የፈንጂ ትራፊም ይመልከት። ውጤቱ በጋዜጣ ይውጣ።

አራተኛ፤ በፋብሪካና በጥገና ክፍል የሚሠሩ ወታደሮችና ሲቪል ሠራተኞች፥ በግቢውም የሚኖሩ ቤተ ሰቦቻቸው፥ የሚጠጡት ውሃ ከሁሉ አስቀድሞ ይመርመርላቸው። አገር ለመጠበቅ የገባ ሰው በገዛ ጉድጓዱ ውሃ መጎዳት የለበትም።

አምስተኛ፤ ዩኒቨርሲቲዎቻችንና የጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩቱ ወጣት ኬሚስቶችንና የከርሰ ምድር ውሃ ባለሙያዎችን በዚህ ሥራ ያሠልጥኑ። የውጭ ባለሙያ ለአንድ ወር መጥቶ ይሄዳል፤ ውሃው ግን እዚሁ ይኖራል።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ከተማርሁት አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። በኦሪት ዘዳግም ሙሴ ለዘመቻ ለሚወጣው ሠራዊት ከሰጠው ትእዛዝ አንዱ፥ ወታደሩ ከመሣሪያው ጋር መቆፈሪያ እንዲይዝና የራሱን ቆሻሻ ከሠፈሩ ውጭ ቆፍሮ እንዲሸፍን ነው። ሠፈሩ የተቀደሰ ይሁን ተብሎ የታዘዘው ለካህን ብቻ ሳይሆን ለወታደርም ነው። በኦሪት ዘፍጥረትም ይስሐቅ አባቱ አብርሃም የቆፈራቸውን፥ ፍልስጥኤማውያን በአፈር የደፈኑአቸውን ጉድጓዶች እንደገና አስቆፍሮ በቀድሞ ስማቸው እንደ ጠራቸው እናነባለን። የይስሐቅ ጉድጓዶች አፈር ቢወጣላቸው ውሃቸው ንጹሕ ነበር። እኛ ግን ካልነቃን ልጆቻችን የሚወርሱት ጉድጓድ አፈር ሳይሆን መርዝ የገባበት ይሆናል፤ ያን ደግሞ በአካፋ ማውጣት አይቻልም።

ይህን አሳቤን በዓምዳችሁ ላይ እንድታወጡልኝ እየለመንሁ፥ ጉዳዩ የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶችም በዚሁ ጋዜጣ መልስ እንዲሰጡበት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አክባሪያችሁ፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መምህር፤
ከብስራተ ገብርኤል።